ሦስተኛው ምስክር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ምድሩ ይዘረጋለታል። ወደ ጣና በኩል ዐይንን የሚያግድ ጉብታ እምብዛም የለም። ፎገራ የሚባለው ሜዳ ይህ ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ወገን ቁልቁል ወርደው ሜዳውን ሲረግጡ ጉልበታቸው ይላላል፤ ከደጋው የጫኑትንም አፈር እዚሁ ያራግፋሉ። ወረታ የሜዳው ገበያና የወረዳው ከተማ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ከጎንደሩ መንገድ የሚገነጠለው እሷ ዘንድ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዚህ ሜዳ የወጣ አንድ የሩዝ ገበሬ ልጅ መስመራዊ አልጀብራ የተባለውን ትምህርት ሊማር ባሕር ዳር ገባ። ዲፕሎማ ያለው፣ በገጠር ትምህርት ቤት ለሁለተኛ እርከን ተማሪዎች ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ነበር። እንደ ብዙ ባልደረቦቹ ሁሉ ዲግሪውን በየክረምቱ እየቆራረጠ ለማግኘት ቆርጦ ተነሥቷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ለየብቻ የነበሩት ፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የቆመ በመሆኑ፣ በግቢው ለመምህር ቦታ መስጠት የቆየ ልማድ ነው።

ክረምት ለመምህር የዕረፍት ጊዜ ነው ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ግን የሩዝ ማሳ አርመው አያውቁም። ሩዝ ከዘር ይልቅ በአረም ጊዜ ሰው ይፈልጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎንበስ ያለ ወገብ ቀና የሚልበት ጊዜ የለም። የመምህሩ አባት ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው መጽሐፉን ሸክፎ ሲነሣ «ሂድ፤ አረሙን እኔ እችለዋለሁ» አሉት። እንደማይችሉት ሁለቱም ያውቁ ነበር።

የትምህርቱ መጀመሪያ ለመምህሩ እንግዳ አልሆነበትም። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን ሁለት እኩልታዎች ይዞ አንዱን በማጥፋት ሌላውን ማግኘት ራሱ ለልጆች የሚያስተምረው ነገር ነው። ቁጥሮቹን በረድፍና በዓምድ ደርድሮ ማትሪክስ ማለትም ብዙ አልከበደውም። ጨለማ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት፣ መጽሐፉ ስለ ቁጥር መናገሩን ትቶ ስለ «ቬክተር ስፔስ» ሲናገር ነው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የሚጀምረው «ሌት» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ ትርጉሙ «ይሁን እንበል» ማለት ነው። የክረምቱ ተማሪዎች ግን በአማርኛው ፈቱትና «ይህ ትምህርት ከቀን ይልቅ ሌት የሚበዛበት ነው» ብለው ሣቁ። ቀልዱ ያለ ነገር አልመጣም። ስፔስን ኅዋ ብሎ የተረጎመ ሰው ከዋክብትን ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ስምንት ሕጎችን ነው። ማናቸውም ነገሮች እርስ በርሳቸው ቢደመሩና በቁጥር ቢባዙ፣ እነዚያንም ስምንት ሕጎች ቢያከብሩ፣ ቬክተሮች ናቸው ይባላል። ምን እንደሆኑ አይነገርም፤ ጠባያቸው ብቻ ይነገራል። በየዩኒቨርሲቲው ስንት ብርቱ ተማሪ እዚህች ቦታ ላይ እንደተሰናከለ መምህራን ያውቁታል። መጻሕፍቱ ግን ከሕጉ በፊት ምሳሌውን ማስቀደምን እንደ ውርደት የሚቆጥሩት ይመስላል።

መምህሩ ስምንቱን ሕጎች እንደ ዳዊት ሸመደዳቸው። በመጀመሪያው ፈተና ከሠላሳ ስድስት አገኘ። የጠየቁት ሕጎቹን አልነበረም፤ «እነዚህ ሦስት ቬክተሮች ከመስመራዊ ጥገኝነት ነፃ ናቸውን?» የሚል ነበር። ይህን ትምህርት ከወደቀ የሚቀጥለውን ክረምት፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ ያለውን ይጠብቃል። የዲግሪ ደመወዙም በዚያው ልክ ይርቃል፤ አባቱም አንድ አረም ተጨማሪ ብቻቸውን ያርማሉ።

በነሐሴ ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ፈሰሱ። የዚያ ዓመት ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ያፈናቀለ ነበር። መምህሩ ወሬውን እንደ ሰማ ወደ ወረታ ተሳፈረ፤ ከዚያም በእግሩ ገባ። ቤተሰቡን ያገኘው እርሱ ራሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃው ከፍ ካለ ቦታ ላይ በመሠራቱ የሰፈሩ ሰው በየክፍሉ ተጠልሏል፤ ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ የእህሉ ጆንያ በመድረኩ ላይ ተቆልሏል። አባቱ ከሰሌዳው ሥር ተቀምጠው ነበር። ስለ ማሳው ሲጠይቃቸው «ውኃው ሲሸሽ እናየዋለን» ብለው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው «ያንተስ ነገር?» አሉት።

ሊዋሻቸው አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም። መውደቁን ነገራቸው። «ምን ጠይቀውህ ነው?» አሉት። አባቱ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የላቸውም፤ ነገር ግን በአካባቢያቸው ለድንበርም ለዕዳም በሽምግልና የሚቀመጡ ሰው ናቸው። መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ሸማች አወራላቸው።

«ሦስት ሰዎች ገበያ ወጡ እንበል፣ አባባ። አንደኛው ሁለት ቁና ሩዝ፣ አንድ ቁና ጓያና አንድ ቁና ሽምብራ ሸምቶ 65 ብር ከፈለ። ሁለተኛው አንድ ቁና ሩዝ፣ ሦስት ቁና ጓያና ሁለት ቁና ሽምብራ በ80 ብር ወሰደ። ሦስተኛው ሦስት ቁና ሩዝ፣ አራት ቁና ጓያና ሦስት ቁና ሽምብራ በ145 ብር ገዛ። የያንዳንዱ እህል ዋጋ ስንት ነው?»

ሽማግሌው ከመሬት ጠጠር ለቅመው በሦስት ረድፍ ደረደሩ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። በመጨረሻም ሦስተኛውን ረድፍ በእጃቸው ጠረጉትና እንዲህ አሉ፦

«ይህኛው ሰውዬ ከራሱ የተናገረው ቃል የለም። የፊተኛውንና የመካከለኛውን ደምሮ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ምስክር ሲቀርብልን ሦስት መሰከሩ አንልም፤ ሁለት ናቸው እንላለን።»

መምህሩ ሰሌዳውን አየው። ሩዙ 20፣ ጓያው 10፣ ሽምብራው 15 ብር ቢሆን ሦስቱም ሰዎች እውነት ተናግረዋል። ሩዙ 21፣ ጓያው 13፣ ሽምብራው 10 ብር ቢሆንም ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። በሁለት ምስክር ሦስት ነገር አይፈረድም። መስመራዊ ጥገኝነት የሚሉት ይኸው ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተደምሮ የሚገኝ፣ የራሱ ቃል የሌለው። የማትሪክስ ማዕረግ የሚባለውም የራሳቸው ቃል ያላቸው ረድፎች ቁጥር ነው። አባትየው ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንግዲያውስ ዳኛው አይፍረድ፤ ሌላ ምስክር ይጥራ» አሉና ወደ ጎርፉ ወሬ ተመለሱ።

ነገሩ ከገበሬ አፍ መውጣቱ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ምክንያቱም ጥንቱንም ከእህል ነው የተነሣው። ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በቻይና የተጠናቀረው ዘጠኝ ምዕራፎች የተባለው የሒሳብ መጽሐፍ፣ በስምንተኛው ምዕራፉ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የእህል ነዶዎች የሚሰጡትን ምርት ይጠይቃል። ሦስት ከፍተኛ፣ ሁለት መካከለኛና አንድ ዝቅተኛ ነዶ 39 መስፈሪያ ይሰጣሉ፤ ሁለት፣ ሦስትና አንድ 34 ይሰጣሉ፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ደግሞ 26። ቻይናውያን ቁጥሩን በበትር ሰሌዳ ላይ ደርድረው አንዱን ዓምድ ከሌላው እየቀነሱ ይፈቱት ነበር። ዛሬ ተማሪው ጋውስ በተባለው ጀርመናዊ ስም የሚያውቀው የማጥፋት ዘዴ ይኸው ነው። ማትሪክስ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ሲልቬስተር ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1850 ነው፤ ቃሉ በላቲን ማኅፀን ማለት ነው።

መምህራን ይበልጥ ሊያውቁት የሚገባ ሰው ግን ኸርማን ግራስማን ነው። ስቴቲን በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 የዛሬውን የቬክተር ትምህርት አብዛኛውን ሐሳብ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሊያነበው የቻለ ሰው ጥቂት ነበር፤ አሳታሚውም ያልተሸጠውን ብዙ ቅጂ አስወገደው። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ቢመኝም ሳያገኝ ቀረ። ግራስማን ወደ ሳንስክሪት ዞረና የሕንዶችን ጥንታዊ ቅዱስ ቅኔ ሪግ ቬዳን ተረጎመ፤ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀለት። ሒሳብ በነፈገው ክብር ቋንቋ አከበረው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1888 ጣሊያናዊው ፔያኖ ሐሳቡን ወስዶ በአጭር ሕጎች ደነገገው። የመምህራችንን ሌሊቶች ያጨለሙትም የእነዚያው ሕጎች ዘሮች ናቸው።

መምህሩ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። በመጨረሻው ፈተና ላይ ቬክተር በመጣ ቁጥር ምስክር እያለ አነበበው፤ መሠረት የሚለው ፅንሰ ሐሳብ ሲመጣም ለፍርድ የሚበቁ፣ አንድም ትርፍ የሌለባቸው ምስክሮች ስብስብ መሆኑን ለራሱ ነገረው። ሲ አገኘ። ሲ ትልቅ ውጤት አይደለም፤ የሚቀጥለውን ክረምት ግን ከፈተለት።

የሩዙ ማሳ እንደ ተፈራው ሁሉ አልጠፋም፤ ዝቅ ያለው ወገን በደለል ተቀበረ፣ ከፍ ያለው ተረፈ። የተረፈው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ነበር። ሩዝ በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር በጅግናና በሻጋ ማኅበራት ከተሞከረ ወዲህ ሜዳው የያዘው ስም ነው፤ ያልታወቀ ቁጥር በስሙ ፊት የተሸከመ እህል ሌላ ቦታ መኖሩ ያጠራጥራል። ዛሬ በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። የውኃ መሐንዲሶችም የጎርፍን አካሄድ ሲተልሙ ሜዳን በብዙ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍላሉ፤ የእያንዳንዱ የውኃ ከፍታ ያልታወቀ ቁጥር ይሆናል። ኮምፒዩተሩ የሚፈታቸውን ብዙ ሺህ እኩልታዎችም ቢሆን ረድፍን ከረድፍ በመቀነስ መፍታት ይቻላል።

መስከረም ላይ ተፈናቃዩ ወደየቤቱ ተመልሶ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ በክፍሉ ውስጥ የጭቃ ሽታ ነበረ። ሰሌዳውን ማንም አልጠረገውም። ሦስቱ ረድፎች እንዳሉ ቆይተው፣ ሁለቱ መልሶችም ከጎናቸው ተጽፈው ነበር። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ሩዝ 20 ብር ነው ወይስ 21 ብላ ጠየቀችው።