መቀነት አጥብቁ ባዩስ?

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ሁለት ዓይነት ስብሰባ አለ። አንዱ ስለ ትርፍ ነው፤ ሌላው ስለ ኪሳራ። ስለ ትርፍ ሲሆን ጥቂት ሰዎች በር ዘግተው ይሰበሰባሉ። ስለ ኪሳራ ሲሆን ግን ዘበኛው ሳይቀር ይጠራል። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ ያደርጉና «እኛ እኮ አንድ ቤተሰብ ነን» ብለው ይጀምራሉ። እናንተዬ፣ አለቃችሁ «ቤተሰብ ነን» ካሉ ቶሎ ብላችሁ ኪሳችሁን ያዙ!

ዛሬ ልናወራችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ስብሰባ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምናመጣው ደግሞ ከአየር መንገዶች ሰፈር ነው። ለምን ብትሉ፣ ጦርነት ሲነሳም፣ በሽታ ሲገባም፣ ነዳጅ ሲወደድም ቶሎ የሚታመመው አየር መንገድ ነው። ስለዚህ «መቀነታችሁን ጠበቅ አድርጉ» የሚለው ስብከት እዚያ ቤት አይቋረጥም።

ሌላም ምክንያት አለን። እኛ የጣርማ በር ልጆች ነን። በእኛ በኩል አውሮፕላን ያልፋል እንጂ አያርፍም። ደብረ ሲና ስንማር ከክፍላችን ሴቶች ግማሾቻችን ሆስተስ የመሆን ሕልም ነበረን። በቅጥር ማስታወቂያው ላይ የቁመት ልክ አለ ሲባል ሰምተን፣ በር መቃን ላይ በጠመኔ እያሰመርን ስንለካካ ነው ያደግነው። ቁመት ከባሕር ጠለል በላይ የሚለካ ቢሆን ኖሮ እኛን የሚያክል አልነበረም፤ የጣርማ በር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነዋ! ግን የሚለካው ከተረከዝ ነው ተባልን። የሆነላቸው በረሩ፤ ያልሆነልን ጋዜጠኝነት ተማርን። (ሳቁ፣ ፈቅደናል።) በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል የሚነሳው ዩኒፎርሙ ነው፣ ዱባይና ባንኮክ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር አይነሳም። በውጭም በአገር ውስጥም ያለው የአየር መንገድ ሠራተኛ ምሬት ሰሚ የሚያጣው በዚህ ይመስለናል። «እየበረረ ምን ጎደለው?» ይባላል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ላይ የደረሰው ጥቃት የአሜሪካን አየር መንገዶች አሽመድምዷቸው ነበር። በ2003 ደግሞ የኢራቅ ጦርነትና ሳርስ የተባለው በሽታ ተደረቡበት። አሜሪካን ኤርላይንስ ኪሳራ ሊያውጅ አንድ ሐሙስ ቀረው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶናልድ ካርቲ ሠራተኛውን «መሥዋዕትነት ክፈሉና ድርጅቱን እናድን» አሉት። የአብራሪዎቹ፣ የበረራ አስተናጋጆቹና የምድር ሠራተኞቹ ማኅበራት ተከራከሩ፣ ተጨቃጨቁ፣ በኤፕሪል አጋማሽ በድምፅ እሺ አሉ። ከሠራተኛው ሁሉ የሚሰበሰበው በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አብራሪዎቹ ብቻ ከደመወዛቸው 23 በመቶ ተቀነሰባቸው።

የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ወረቀት ብቅ አለ። ኩባንያው ለመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚያስገባው ዓመታዊ ሪፖርት ነው። ሠራተኛው ድምፁን ሰጥቶ እስኪጨርስ ይዘቱን አያውቅም ነበር። ምን ይላል መሰላችሁ? ዋናዎቹ አለቆች እስከ ጃንዋሪ 2005 ድረስ ሥራ ካልለቀቁ የደመወዛቸው እጥፍ ጉርሻ ይሰጣቸዋል። በተጨማሪ የ45 አለቆች ጡረታ ድርጅቱ ቢከስር እንኳ እንዳይነካ 41 ሚሊዮን ዶላር ለብቻ ተቀምጦላቸዋል። ቤቱ ቢቃጠል የእነሱ ሣጥን አስቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው።

ሠራተኛው ነደደ። ካርቲ ይቅርታ ጠየቁ፤ ጉርሻውም ተሰረዘ። አልበቃም። ኤፕሪል 24 ቀን 2003 ከሥልጣናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በዓመት 1.8 ቢሊዮን የሰጠ ሕዝብ የተቆጣው በ41 ሚሊዮን ነው። ከመቶ ሁለት እጅ ከምናምን ቢሆን ነው። ታዲያ ቁጣው ከቁጥሩ ጋር ይመጣጠናል? አይመጣጠንም። ሰውን ያቃጠለው ገንዘቡ አልነበረም። እሱ አዳራሽ ውስጥ «ቤተሰብ ነን» ሲባል፣ ቤተሰቡ ጓዳ ውስጥ ለብቻው ሲበላ ስለነበረ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠርነው እኛ ብቻ እንመስላለን እንጂ፣ ፈረንጁም በራሱ መንገድ ይተርተዋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከተመረቅን በኋላ ከገባንባቸው ቤቶች በአንዱ (ስሙ ይቆየን) «ለሦስት ወር ብቻ» ተብሎ ከደመወዛችን አምስተኛው እጅ ተቆረጠ። እሺ ብለን ፈረምን። ታክሲውን በእግር ለወጥነው፤ ምሳ ዕቃ መያዝ ጀመርን፤ አንድ ሽሮ ለሁለት መካፈል ልማድ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ጊዜም ነበረው፤ ሰው ሲቸገር ይዋደዳል። በሁለተኛው ወር የመቀመጫው ላስቲክ ገና ያልተላጠ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘን። ማንም ምንም አላለም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ አምሽቶ የሠራ ሰው የለም። አለቃችን ያተረፉት አምስተኛ እጅ ደመወዝ ነው፤ ያጡት ግን ሙሉ ሰው ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳንባል ሌላውንም ወገን እናሳያችሁ። የጃፓን አየር መንገድ መሪ የነበሩት ሃሩካ ኒሺማትሱ፣ ድርጅቱ ሲታመም ደመወዛቸውን ከገዛ አብራሪዎቻቸው በታች አወረዱት። ወደ ሥራ የሚሄዱት በአውቶቡስ፣ ምሳ የሚበሉት ከሠራተኛው ጋር ተሰልፈው ነበር። ታዲያ አየር መንገዱ ዳነ? አልዳነም። ጃንዋሪ 2010 ከሰረ። ከዚያ የመጡት ካዙኦ ኢናሞሪ ያለ ደመወዝ ነው የመሩት። ድርጅቱን አቆሙት፤ በ2012 ወደ አክሲዮን ገበያ ተመለሰ። በመካከሉ ግን 16,000 ያህል የሥራ ቦታ ታጠፈ፤ ከተሰናበቱት ውስጥ ለዓመታት በፍርድ ቤት የተከራከሩ አሉ።

ስለዚህ አንዋሻችሁም፦ የአለቃ ጾም ብቻውን ድርጅት አያድንም። የሚያድነው «እኛ» የሚለውን ቃል ነው። አለቃው «እኛ» ሲል ሰሚው አይስቅበትም።

ጎረቤታችን ኬንያም ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ የኬንያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከራሳቸው ደመወዝ 80 በመቶ፣ ከዋና ዋና አለቆች ደግሞ 75 በመቶ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ከላይ መጀመራቸው ያስመሰግናል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ድርጅቱ ለሠራተኛው የጡረታ ቁጠባ የሚያዋጣውን አቋረጠ። በሽታው አለፈ፣ በረራው ተመለሰ፣ መዋጮው ግን አልተመለሰም። በኖቬምበር 2022 አብራሪዎቹ ሥራ አቆሙ፤ በሺዎች የሚቆጠር መንገደኛ ናይሮቢ ላይ ተንገላታ። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ቀን ካልተቆረጠለት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከሁሉም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚመረው ግን ይሄኛው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሞተ። ቦይንግ ማክስ አውሮፕላኑ በየአገሩ ከበረራ ታገደ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙይለንበርግ በዓመቱ መጨረሻ ተሰናበቱ። በጃንዋሪ 2020 ኩባንያው ሰውዬው በአክሲዮንና በጡረታ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዘው እንደሚሄዱ ገለጠ። በዚያው ቀን የማክስን አካል የሚሠራው ስፒሪት ኤሮሲስተምስ፣ ማምረቱ ስለቆመ 2,800 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በአንድ ቀን! ብረቱን የበሳው ሰው ወደ ቤቱ ሲላክ፣ ውሳኔውን የሰጠው ሰው ሚሊዮን ተሸክሞ ወጣ።

የእኛስ ቤት? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኮሮና ጊዜ የመንግሥት ድጎማ ሳይጠይቅ፣ ወንበር እየነቀለ ጭነት ጭኖ ያንን ክፉ ቀን አልፏል፤ ቋሚ ሠራተኛ አለመቀነሱንም አለቆቹ ደጋግመው ተናግረዋል። ይህ የሚያኮራ ነው። ይሁንና የገቢው ቁጥር በየዓመቱ ሲነገር እንሰማለን፤ የአለቃና የጫኝ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚራራቅ ግን ከዜናው ውስጥ የለም። ንብረቱ የሕዝብ ነው ከተባለ ሕዝቡ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

የሚጠይቀው ሠራተኛ መንገዱ ጠባብ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ያሉ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቆሙ። ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ተጠርተው ተተኩ፤ ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎችም ታሰሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር መንገድ አገልግሎትን እንደ ሆስፒታልና እንደ እሳት አደጋ ካሉት ጋር ይመድበዋል፤ እዚያ ሥራ ማቆም ክልክል ነው። ክልከላው ምክንያት የለውም አንልም፤ ሰማይ ላይ ያለ ሰው ማውረጃ ሊያጣ አይገባም። ነገር ግን እጁን የታሰረ ሰው አፉ ካልተፈታለት ምን ቀረው?

ማንም ሳይፈርም የሚቆረጥ ደመወዝም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ክፍት ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙን በብር የሚቀበል ሁሉ ያን ክረምት ስብሰባ ሳይጠራ ተቆርጦበታል። በዶላር የሚሸጥ ቤት ውስጥ በብር የሚከፈለው ሰው ደግሞ ልዩነቱን በየቀኑ በዓይኑ ያያል።

ጣርማ በርን በመኪና የወረደ ሰው ይህን ነገር ሳይነገረው ያውቀዋል። ዋሻው አፍ ላይ ጉም ነው፤ ጋቢ ካልደረቡ አያስቆምም። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝታችሁ፣ እየቆረጠማችሁ ጠመዝማዛውን ስትወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሽንኩርት የሚጭኑት ልጆች ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። መንገዱ አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ዋሻው አጠገብ ቆሞ «ዛሬ ብርድ ነው፣ ሁላችንም እንቻለው» የሚል ሰው አልዋሸም። ግን ጋቢውን ለብሶ ነው የሚናገረው፤ ይፋትን ወርዶ አላየም።

እና ምን እናድርግ? አለቃ አይከፈላቸው የሚል ሞኝነት የለንም። ከባድ ኃላፊነት ከባድ ደመወዝ ሊኖረው ይችላል። እኛ የምንለው፣ መቀነት አጥብቁ ስንባል ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንልመድ ነው። ከማን ጀመረ? እስከ መቼ? ወረቀቱስ የት አለ? ካርቲን ከወንበራቸው ያወረደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ የኬንያን አብራሪዎች ያስቆጣው ሁለተኛው መልስ ማጣቱ ነው።

ይህን መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም። ጋዜጠኝነት ላይ የተማርነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አብሮ መራብ ለሚችል ሰው፣ አብሮ መቁጠርም ይፈቀድለት።

ቸር ይግጠመን!