ውኃ የሌለው ስንቅ

አንዳንድ ሐረጎች ከመለመዳቸው የተነሣ ምን እንደሚሉ መስማት እናቆማለን። «ለክፉ ቀን ይሆናል» የምንለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሽማግሌው በመቀነታቸው ጫፍ ብር ሲቋጥሩ፣ የቤት እመቤቲቱ ከጓዳዋ ጥቂት ጤፍ ለይታ ስታኖር፣ ወጣቱ ከደመወዙ ላይ ቆንጠር አድርጎ ሲያስቀር የሚሉት ይህንኑ ነው። ይሁንና «ክፉ ቀን» በታሪካችን የአንድ ዘመን መጠሪያም ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ዝናቡ ራቀ፤ የተረፈውን ቡቃያ አንበጣና ተምች በላው። በሬ ያለቀበት ገበሬ ዘር በእጁ ይዞ እንኳ ማረስ አቃተው። ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን እንዳስከፈቱና፣ ሕዝቡ በእጁ መቆፈርን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። እንግዲህ ዛሬ «ለክፉ ቀን» የሚል ሰው፣ ባያስበውም፣ የዚያን ዘመን ስም እየጠራ ነው።

ስለዚህ ሐረግ እንዳስብ ያደረገኝ የምኖርበት ከተማ ነው። በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ሲቲ ለክፉ ቀን ማከማቸት የቤት ወግ ነው። በአካባቢው ብዙ ተከታይ ያላት የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗ የወራት ቀለብ በቤታቸው እንዲያኖሩ ስትመክር ኖራለች፤ ከተማዪቱም የምድር መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው ስንጥቅ ላይ የተቆረቆረች ናት። በመሆኑም ከመደብሮቹ መደርደሪያ ላይ ትልልቅ ቆርቆሮዎችና ባልዲዎች አይጠፉም። በውስጣቸው ሥጋ አለ፣ እንቁላል አለ፣ እንጆሪ አለ፣ ተሠርቶ ያለቀለት ወጥ አለ። በላያቸውም «25 ዓመት ይቆያል» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። እንደ እኔ በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው፣ ከ25 ዓመት በኋላ ስለሚበላው ራት ማሰብ መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ዝምታ ይፈጥራል።

አሠራሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ምግቡ በመጀመሪያ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ድንጋይ እስኪመስል ይረጋል። ከዚያም አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዝግ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ባዶነት ውስጥ ለስለስ ያለ ሙቀት ሲነካው፣ በረዶው ቀልጦ ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ ይሄዳል። በፀሐይ የደረቀ ነገር ይኮማተራል፣ ይጠቁራል፤ ይህኛው ግን ቅርጹንም መልኩንም እንደያዘ ይቀራል። ከእንጆሪ ዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውኃ በመሆኑ፣ 100 ግራም የገባው 10 ግራም ያህል ሆኖ ይወጣል። ሻጋታና ተሐዋስያን ያለ ውኃ መራባት አይችሉም፤ ሁሉም ባይሞቱም እንዳንቀላፉ ይቆያሉ። ኦክስጅን የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ተጨምሮበት ክዳኑ ሲታሸግ ጊዜ ራሱ ደጅ የተዘጋበት ይመስላል። እናቴ አንዲት የደረቀች እንጆሪ በመዳፏ ይዛ ስትመዝናት ቆየችና፣ «ነፍሷን አውጥተው ሥጋዋን አስቀመጧት» አለች።

ጥበቡ በሳይንስ መጽሐፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። አርሰን ዳርሶንቫልና ፍሬዴሪክ ቦርዳ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፓሪስ ውስጥ አሳዩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቁስለኞች የሚሰጠውን የደም ፕላዝማ ወደ ጦር ሜዳ ለማድረስ አገለገለ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሁለት መንገድ ያዘ፤ በአንዱ ከጠፈርተኞች ጋር ወደ ሰማይ ወጣ፣ በሌላው ቡናን አድርቆ በብልቃጥ ውስጥ ከተተ። ከእኛ ደን የወጣችው ቡና ከሦስተኛ ጀበና ወደ አንድ ማንኪያ ዱቄት የተለወጠችበት መንገድ ይህ ነው።

ነገር ግን ከፈረንሳውያኑ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድመው ይህንን ያወቁ ገበሬዎች ነበሩ። በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩት የኬቿና የአይማራ ሕዝቦች፣ ውርጭ በሚወርድበት ወራት ድንቹን ሜዳ ላይ ዘርግተው ያሳድሩታል። ሌሊቱ ያረጋዋል፤ ጠዋት በባዶ እግራቸው እየረገጡ ውኃውን ያስወጡታል፤ ቀን ፀሐዩና ስስ የሆነው አየር የቀረውን ይወስዱታል። እንዲህ ለቀናት ከተደጋገመ በኋላ «ቹኞ» የሚባል፣ እንደ ጠጠር የቀለለና ለዓመታት የማይበላሽ ምግብ ይሆናል። የኢንካ ነገሥታት ይህን የመሰለውን ቀለብ በየኮረብታው ወገብ ላይ በተሠሩ የድንጋይ ጎተራዎች ያከማቹ ነበር።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ስለ እናቴ አገር አሰብኩ። እናቴ የደላንታ ሰው ናት፤ የወሎ ደጋ። ውርጭን ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን በጠላትነቱ ነው። ባቄላው አበባ እንደያዘ በአንድ ሌሊት ተመትቶ ሲያድር፣ ጠዋት ማሳው በእሳት የተለበለበ መስሎ ይገኛል። አንዱ ተራራ ላይ አራሹን የሚያስለቅስ ብርድ ሌላው ተራራ ላይ ቀለብ አዳሪ ሆኖ መገኘቱን ስነግራት፣ «እኛስ ፀሐይን አዘነው የለም ወይ?» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። የተረፈው እንጀራ ተቆራርሶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሥጋው ተዘልዝሎ፣ በበርበሬና በጨው ታሽቶ ቋንጣ ይሆናል፤ ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ፣ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። በደቡብ ደግሞ እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ቆጮው ለዓመታት ይቆያል። ይህ ሁሉ ስንቅ ነው። ስንቅ ደግሞ በባሕርዩ የመንገደኛ ነው፤ መንገደኛም በዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ጨርቁን ሲፈታ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን «እንብላ» ሳይል አይጎርስም።

መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 18 ቀን 2020፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከተማችን መጠኑ 5.7 ሆኖ በተመዘገበ የምድር መንቀጥቀጥ ተናወጠች። በትልቁ የሞርሞኖች ቤተ መቅደስ ጉልላት ላይ ከቆመው የወርቅ ቅብ መልአክ እጅ መለከቱ ወደቀ። ኮሮና በገባባቸው በእነዚያ ቀናት የመደብሮቹ መደርደሪያ አስቀድሞ ተራቁቷል። ዱቄት የለም፣ ሩዝ የለም፣ ውኃ የለም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት በራችንን አንኳኩና ራቅ ብለው ቆመው፣ የጎደለን ነገር እንዳለ ጠየቁን። ቀጥለውም ከቤታቸው ሥር ወዳለው ምድር ቤት ወሰዱን።

እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ተመለከተች። ቆርቆሮዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ የአንዳንዶቹ 2045 ይላል። በጥግ በኩል ሰማያዊ የውኃ በርሜሎች ቆመዋል። «ይህ ሁሉ ለስንት ነፍስ ነው?» ስትል ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው። አዛውንቱ ጥያቄው ደስ አሰኛቸው መሰለኝ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ መለሱ። «ለእኔና ለባለቤቴ አንድ ዓመት። ልጆቻችን ከነቤተሰባቸው ከመጡ አራት ወር። ይህ መንገድ በሙሉ ከመጣ ሁለት ሳምንት። ሒሳቡን ሦስቱንም መንገድ ሠርቼዋለሁ።» ሁለት ቆርቆሮ አንሥተው ከደረጃው ላይ አኖሩልን። እናቴ እጅ ነሣች።

በዚያ ሌሊት ምድሪቱ በየጊዜው መለስ እያለች ትንቀጠቀጥ ስለነበር አልተኛንም። እናቴ ስለ 1977 ዓ.ም. የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በቤታችንም ዓመቱ ሲነሣ ወሬ ይቀየር ነበር። በመንደራቸው ከቤታቸው ወለል ሥር ጉድጓድ ገብስ የነበራቸው ሰዎች እንደነበሩ አወራችኝ። ጭሱ እንዳይታይ የሚያበስሉት ሌሊት ነበር። ጭስን ጨለማ ይሸፍነዋል፤ የሚቆላ ገብስን ሽታ ግን የሚሸፍን የለም። «ልጆች ሆነን ከአጥሩ ውጭ እንሰበሰብ ነበር» አለች። «ማንም በር አላንኳኳም። ሽታውን እየሸተትን ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር።» ጉድጓዱ ሲያልቅ እነዚያም ሰዎች እንደሌላው ወደ መጠለያ ወረዱ። ፈረደችባቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። «እኛም ቢኖረን ሌሊት ነበር የምንቆላው» አለችኝ። ከዚያም ጥቂት ቆይታ፣ «ሰውዬው ግን ሦስተኛውንም ቆጥረዋል» አለች።

ውድ አንባቢ፣ ስለ ረኀብ የተጻፉ ብዙ ቁም ነገሮችን አንብቤያለሁ፤ ከእናቴ አነጋገር ጋር ሲገናኝ ያገኘሁት ግን የአማርትያ ሴን ሐሳብ ነው። ይህ ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን የ1966 ዓ.ም. ረኀብ መረመረ። ያገኘው ነገር መራራ ነበር። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደሚታሰበው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚጫን እህል ነበር። ሰው ያለቀው፣ እህሉ ባይኖር ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት አቅም ስላጣ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው የለውም፤ የሚሸጠው የሌለው ሰው ደግሞ ሙሉ ጎተራ አጠገብ ቆሞ ይራባል። እናቴ ከአጥሩ ውጭ የተቀመጠችበትን ቦታ ሊቁ በሰንጠረዥ አስቀመጠው።

ስለ ቆርቆሮው ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክነኛል። ውኃው የወጣለት ምግብ ሲበላ ውኃው ሊመለስለት ይገባል። የምድር መንቀጥቀጥ ቧንቧን ይሰብራል፤ ድርቅ ወንዝን ያደርቃል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የአደጋ መሥሪያ ቤቶች ከምግቡ ጋር ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ አስቀምጡ የሚሉት፤ ለዚህም ነው የእኛን በመሰሉ አገሮች በምግብ እጦት የከሱ ሕፃናትን የሚያድነው ምግብ በሌላ ጥበብ የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሬ ብሪየንድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆኖ ለውዝን፣ የወተት ዱቄትን፣ ስኳርንና ዘይትን አዋሕዶ ፕለምፒ ነት የተባለውን ሠራ። ውኃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፤ እናት የ92 ግራሙን ከረጢት ጫፍ ቀዳ ለልጇ ታጎርሳለች። አንዱ ምግብ የተሠራው ጓዳ ላለው ሰው ነው፤ ሌላው የተሠራው ጓዳውን ጥሎ ለተሰደደ። ሁለቱም የሰው ልጅ ብልኃት ናቸው፤ ሆኖም ስለ ነገ ሲያስቡ ፊታቸው የሚመጣው ሰው አንድ አይደለም።

ማከማቸትን የሚነቅፉ አሉ፤ ፍርሃት ነው ይላሉ፤ እምነት ማጣት ነው ይላሉ። እኔ አልነቅፍም። በታሪኩ ክፉ ቀን ያለው ሕዝብ ልጅ ጎተራን ሊንቅ አይችልም። የጎተራ ሁሉ ፈተና ግን ከመሙላቱ በፊት የሚመጣው ቆጠራ ላይ ይመስለኛል። ባለቤቱ ቆርቆሮውን ሲገዛ፣ ገብሱን ሲቀብር፣ በልቡ ስንት ሰው ቆጥሯል? ክፉው ቀን ከደረሰ በኋላ ቆጠራውን መለወጥ ለሰው ይከብደዋል፤ ያን ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሌሊትም ይመቻል። ደግነት የሚቻለው ምናልባት በደኅናው ቀን፣ ሆድ ሞልቶ ልብ ሳይርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ነው።

አሁን በእኛ ጓዳ ሁለቱ ቆርቆሮዎች እንደታሸጉ አሉ። ከአጠገባቸው እናቴ በየጊዜው የምትለውጠው ድርቆሽ በጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ተሰቅሏል፤ ቋንጣና በሶም አለ፤ ከበታች ውኃ በጄሪካን ተቀምጧል። ቤታችን የምንኖረው ሁለት ሰዎች ነን። እርሷ ግን ድርቆሹን ስትሰፍር በአራት ትሰፍራለች፤ ሁለቱ አዛውንቱና ባለቤታቸው መሆናቸው ነው። ስለ ቀሪው መንገድ ስጠይቃት፣ «ቀስ በል፣ ገና እየቆጠርኩ ነው» ትለኛለች።

ደኅናው ቀን ይርዘምላችሁ።