ድራይቨር ፍለጋ፦ የጥቅምት ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጎረቤታችን ጋሼ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓቸውን በጨርቅ ከረጢት ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም እሳቸው ናቸው። ላፕቶፑን ሴት ልጃቸው ከአሜሪካ ካመጣችላቸው ብዙ ጊዜ ሆነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ፣ ከባድና ጠንካራ፣ ቁልፎቹ ዛሬም ጣት ሲያርፍባቸው ደስ የሚሉ ዕቃ ነው። ሰሞኑን ሀርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ጥገና ቤት አዲስ አስገጠሙ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒም እቤት ካስቀመጡት ሲዲ እንደገና ተጫነላቸው። ጽሑፎቻቸው በፍላሽ ተቀምጠው ስለነበር ተርፈዋል። ዋይፋዩ ግን ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ ጊዜው አልፎበታል፣ ይጣሉት አሉኝ» አሉ። «እንዴት ነው የምጥለው? መጽሐፌን የምጽፈው በሱ ነው።»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግትርነት ይመስላል። አይደለም። ጋሼ የትውልድ አገራቸውን ታሪክ ለዓመታት የጻፉት ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ኤክስፒ ሲወጣ ከራሱ ጋር የሚመጣ የአማርኛ ፎንት አልነበረውም። ስለዚህ የዚያ ዘመን የአማርኛ መጻፊያዎች ለላቲን ፊደላት በተመደበው የቁጥር ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ይስሉ ነበር። ፎንቱ ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ ነገር ያምራል፤ በሌለበት ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። በዚያ መንገድ የተጻፉ ስንት ቃለ ጉባኤዎች፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ስንት የማኅበር መዝገቦች በየቤቱ እንዳሉ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ዋይፋዩን የሚፈልጉት ለኢንተርኔት አይደለም። ወንድ ልጃቸው በዋይፋይ የሚሠራ ፕሪንተር ገዝቷል፤ ፕሪንተሩ ያለው ግን ከግቢው ማዶ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚሁ ላፕቶፕ ቢያትሙ ጽሑፉ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መገልበጥ ሳያስፈልገው ፊደሉ እንዳለ ወረቀት ላይ ያርፋል። የምዕራፎቹን ረቂቅ በወረቀት አንብበው ማረም ይፈልጋሉ። እሺ አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ማታ ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩ። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ከሚለው ስም አጠገብ ቢጫ የጥያቄ ምልክት አለ። ኤክስፒ አንድ ካርድ መኖሩን አውቋል፤ ካርዱን እንዴት እንደሚያስነሣውና መረጃ በምን መንገድ እንደሚያስተላልፍበት የሚነግረው ድራይቨር ግን የለውም። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ኤክስፒ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጋሼ ሲዲ የያዘው ሰርቪስ ፓክ 2 የ2004 ነው። ካርዱ ከሲዲው በኋላ የተሠራ ስለሆነ ሲዲው ሊያውቀው አይችልም። የኬብሉ ኔትወርክም በዚሁ ምክንያት አይሠራም፤ ስለዚህ ድራይቨሩን በዚያው ላፕቶፕ ማውረድ አይቻልም።

በላፕቶፑ ስም ብቻ ድራይቨር መፈለግ ያሳስታል፤ በአንድ የሞዴል ስም ከተሸጡት ውስጥ አንዱ የአንዱን ሠሪ፣ ሌላው የሌላውን ሠሪ ካርድ ይዞ ይገኛል። የማያሳስተው የካርዱ መለያ ቁጥር ነው። ፕሮፐርቲስ ገብቼ «ዲቴይልስ» የሚለውን ስከፍት ወጣ፦ ሠሪው 8086፣ ካርዱ 4222። 8086 የኢንቴል መለያ ነው፤ ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስምም ይኸው ቁጥር ነው። 4222 ደግሞ ኢንቴል ፕሮ ዋየርለስ 3945ኤቢጂ የሚባለው ካርድ ነው። አቴሮስ ቢሆን ኖሮ የሠሪው ቁጥር 168ሲ፣ ሪልቴክ ቢሆን 10ኢሲ ይል ነበር።

ድራይቨር ከመፈለጌ በፊት ካርዱ ራሱ ደህና መሆኑን ማወቅ ፈለግሁና ባለ 32 ቢት ሊነክስ ከፍላሽ አስነሣሁ። በላፕቶፑ የፊት ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የዋይፋይ ማብሪያም ገፋ አደረግኋት፤ የዚያ ዘመን ላፕቶፖች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ማብሪያ አላቸው፤ ከተዘጋች ምንም ዓይነት ድራይቨር አያድንም። የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ ወዲያው ተዘረዘረ። ካርዱ ጤነኛ ነው።

በሊነክስ በኩል የዚህ ካርድ ድራይቨር ከጥር 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከ2.6.24 ዕትም ወዲህ፣ ከራሱ ከከርነሉ ጋር ይመጣል። ከዚያ በፊት የነበረው ድራይቨር ምንጩ ያልተገለጠ ተጨማሪ ፕሮግራም ከጀርባ ካልሠራለት አይነሣም ነበር። አሁን ግን ምንጩ ክፍት ሆኖ ከሥርዓቱ ጋር ስለሚኖር ማንም ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ሊያነሣው አይችልም። ይህ በጣም ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ታዲያ ለምን ሊነክሱን ራሱን አልጭንላቸውም? ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ የጋሼ ጣቶችም የለመዱት እሱን ነው። በዚህ ዕድሜያቸው የአጻጻፍ ልማዳቸውን ቀይሩ ማለት መጽሐፉን ተዉት ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ የዋልኩት ፋይል ፍለጋ ላይ ነው። የላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ ላይ የሞዴሉ ስም አለ፤ ፋይሉ ግን ተነሥቷል። ሌላ ቦታ የተገኙት ማስፈንጠሪያዎች አብዛኞቹ የትም አያደርሱም። «ድራይቨርዎን በነጻ እናድስልዎታለን» የሚሉት ፕሮግራሞች ግን ሞልተዋል፤ እነሱን አልነካም፣ ሰውም እንዳይነካ እመክራለሁ። ብዙዎቹ ማስታወቂያና አላስፈላጊ ፕሮግራም ጭነው ይሄዳሉ፤ ጥበቃ የሌለው አሮጌ ሥርዓት ላይ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው።

የድሮ ፋይሎች የሚነሡበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በኤስ.ኤች.ኤ-1 የተፈረሙ ፋይሎችን ከማውረጃ ማዕከሉ አንሥቷል፤ ያ የፊርማ ስልት ሊጭበረበር እንደሚችል ስለተረጋገጠ የጸጥታ ምክንያቱ እውነተኛ ነው። እዚህ ላይ ግን ተቃውሞ አለኝ። አንድ የዋይፋይ ድራይቨር ጥቂት ሜጋባይት ነው። «ይህ ያረጀ ነው፣ በራስዎ ኃላፊነት ይጠቀሙ» ብሎ ጽፎ አንድ ጥግ ላይ ማቆየት ለትልቅ ኩባንያ ምንም አይከብደውም። ፋይሉ ሲነሣ ግን ሙሉ ጤነኛ የሆነ ማሽን በአንድ ጊዜ ቆሻሻ ይባላል። በእኛ አገር ኮምፒዩተር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ከዱባይም ከአሜሪካም በሻንጣ እየመጣ፣ ሌላው ዓለም ከጣለው በኋላ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ድራይቨሩ ሲጠፋ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚህ ተጠቃሚ ላይ ነው።

በመጨረሻ ፋይሉ የተገኘው ከሰው ነው። መርካቶ ኮምፒዩተር ሲጠግን የኖረ ወዳጄ ከየላፕቶፑ ጋር የሚመጡትን ሲዲዎች አንድም ሳይጥል በካርቶን አስቀምጧቸዋል። በየሽፋኑ ላይ የሞዴሉን ስም በእስክሪብቶ ጽፎበታል። አብረን ስናገላብጥ የሚሆነውን አገኘን። «ሰዎች ይህን ሁሉ ምን ያደርግልሃል ይሉኛል፤ በየወሩ ግን አንድ ሰው መጥቶ ይወስዳል» አለኝ። እኔ ይህን ካርቶን እንደ ቤተ መዛግብት ነው የማየው።

ከመጫኔ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። አንደኛው፣ ከድራይቨሩ ጋር ያለው የኢንፍ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ከፍቼ 4222ን ፈለግሁበት። አለ። ቁጥሩ እዚያ ከሌለ ፋይሉ የቱንም ያህል ተመሳሳይ ስም ቢኖረው ለዚህ ካርድ አይደለም። ሁለተኛው፣ በፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የዲጂታል ፊርማውን አየሁ፤ ፊርማው ትክክል ከሆነ ከተፈረመ ወዲህ ማንም አልነካካውም ማለት ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

መጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ 3ን ጫንኩ። የ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ 316 ሜጋባይት ይሆናል። ያለ እሱ ወይም ያለ ሌላ ተጨማሪ ዝማኔ ደብልዩፒኤ2 የሚባለው የዋይፋይ ጥበቃ በዚህ ሲዲ በተጫነ ኤክስፒ ላይ አይገኝም፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ጥበቃ ያለው ራውተር ቤት ውስጥ እንዲኖር አልመክርም። ከዚያ የድራይቨሩን ፎልደር በእጄ አሳየሁት። ቢጫው ምልክት ጠፋ፣ የካርዱ ስም በሙሉ ወጣ።

ከድራይቨሩ ጋር አብሮ የሚመጣውን የኢንቴል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አልጫንኩትም። ኤክስፒ የራሱ የዋይፋይ አገልግሎት አለው፤ ሁለቱ አንድን ካርድ ለማዘዝ ሲሻሙ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። እቤቴ ካለው ዋይፋይ ጋር ያለ ችግር ተገናኘ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። ላፕቶፑ የጎረቤቶቹን ዋይፋይ ሁሉ ያያል፤ የቤቱን ግን አያይም። የጋሼ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «በኔ ላይ ሙሉ ነው» አለኝ።

መልሱ ያለው ላፕቶፑ በመጣበት አገር ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የአሜሪካ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ነው፤ በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች እስከ 13 ይፈቀዳል። ገደቡ ካርዱ ላይ ከፋብሪካ ይጻፋል፤ ኢትዮጵያ ስለመጣ አይለወጥም። ራውተሩ ቻናል ራሱ እንዲመርጥ ተትቶ 13ን መርጧል። ወደ 6 ለወጥኩት፤ የቤቱ ዋይፋይ ወዲያው ታየ። በሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ይዞ «የኔ ዋይፋይ ብቻ ነው የማይታየው» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ይመልከት።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉ በላይ የማስብበት ነገር፣ ጥበቃው ነው። የኤክስፒ ድጋፍ የተቋረጠው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒዩተሮችን ሲቆልፍ ማይክሮሶፍት ድጋፉ ላበቃው ኤክስፒ ሳይቀር የአስቸኳይ ጊዜ ማስተካከያ እስከ ማውጣት ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ከተገኙት ቀዳዳዎች አብዛኞቹን ግን ማንም አይደፍንለትም። ስለዚህ ለላፕቶፑ ቋሚ የአይፒ አድራሻ ሰጠሁትና የጌትዌዩን ቦታ ባዶ ተውኩት። ጌትዌይ የሌለው ኮምፒዩተር ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ጋር ይነጋገራል፤ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ግን የለውም። የፋይል መጋራቱን ዘጋሁ፣ ፋየርዎሉ እየሠራ መሆኑን አየሁ።

«ጋሼ፣ በዚህ ላፕቶፕ ኢንተርኔት አይከፈትም። የማያውቁትን ፍላሽም አይሰኩበት።»

«እኔ ለኢንተርኔቱ ስልክ አለኝ ልጄ። ይህ የመጻፊያዬ ነው።»

ለፕሪንተሩ የሚሆን የኤክስፒ ድራይቨር ሠሪው አላወጣም። ነገር ግን ፕሪንተሩ ፒሲኤል የተባለውን የቆየ የማተሚያ ቋንቋ ስለሚያውቅ ኤክስፒ ውስጥ ያለውን የሌዘርጄት 4 ድራይቨር መረጥኩ፤ አድራሻውን ሰጥቼ በ9100 ፖርት ላይ ላክሁ። ልጁ ከክፍሉ ወረቀቱን ይዞ ግቢውን አቋርጦ መጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ የፈለጉት ‹ኳ›ንና ‹ጓ›ን ነው፤ እነዚህ ፊደላት ከዚህ በፊት በሌላ ኮምፒዩተር ሲታተሙ ተበላሽተውባቸው ያውቃሉ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ዓመተ ምሕረት አረሙ፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ቀና አላሉም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከእድር ስብሰባ በኋላ የላፕቶፑን ነገር ቋጨሁት። ድራይቨሩን፣ ሰርቪስ ፓክ 3ንና የጋሼን ፎንቶች በአንድ ሲዲና በአንድ ፍላሽ ገልብጬ ከረጢቱ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩ። አንድ ወረቀት ላይም በትልልቁ ጻፍኩ፦ ካርዱ 8086፣ 4222፤ ራውተሩ ቻናል 6 ላይ ይሁን፤ አድራሻው ይህ ነው፤ ጌትዌይ አይሞላ። ሀርድ ዲስኩ እንደገና ቢበላሽ የሚጠግነው ሰው ማንም ይሁን ማን ከዜሮ አይጀምርም። ለወዳጄ ካርቶንም የዚሁን ቅጂ ሰጠሁ፤ በምላሹ የካርቶኑን ሲዲዎች በሙሉ ወደ ሀርድ ዲስክ የመገልበጡን ሥራ አብረን ጀምረናል። መጽሐፉን ወደ ዩኒኮድ የመቀየሩ ሥራ ከኅዳር በኋላ ነው፤ ጋሼ እርማቱን ሳይጨርሱ አንነካውም ተባብለናል።

ልወጣ ስል የእድሩ ገንዘብ ያዥ የራሳቸውን ላፕቶፕ አመጡልኝ። ይህኛው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ነው፤ አዲስ የገዙትን የዩኤስቢ ዋይፋይ ሲሰኩበት ድራይቨሩ ይጫንና «ኮድ 52» ብሎ ይቆማል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፦ አዳዲስ ድራይቨሮች የሚፈረሙት በኤስ.ኤች.ኤ-2 ነው፤ ዊንዶውስ 7 ይህን ፊርማ በትክክል የሚያውቀው እንደ ኬቢ4474419 (የ2019 እ.ኤ.አ.) ያለ ዝማኔ ከተጫነለት ነው። ነገ ዝማኔውን በፍላሽ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ለካርቶኑም አንድ ቅጂ አስቀራለሁ።