ስንጥቁን ያነበበው መሐንዲስ

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ አንድ ስንጥቅ ነበረ። አባቴ ከጭቃው ቤት ጎን በብሎኬት አንድ ክፍል አስጨመረና፣ «ይህ ያንተ ነው፤ አድገህ ስታገባ እዚህ ትኖራለህ» አለኝ። በዓመቱ አሮጌውና አዲሱ ግድግዳ በሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ፤ ከርሞ ጣት የሚያስገባ ሆነ። ጳጉሜን በገባ ቁጥር አባቴ ሲሚንቶ በጥብጦ ይለስነዋል፤ ቀለም ይቀባዋል። የእንቁጣጣሽ እንግዶች «ቤቱ አማረበት» ብለው ይሄዳሉ። ጥቅምት ሳይጋመስ ስንጥቁ እዚያው ቦታው ላይ ይገኛል። ለአባቴ ያ ስንጥቅ ገበና ነበር፤ ይሸፈናል እንጂ አይወራም።

ያን ማዕዘን ከብዙ ዓመት በኋላ ያስታወሰኝ ስለ አንድ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ያነበብኩት ታሪክ ነው። ሮበርት ማያር በ1872 እ.ኤ.አ. በበርን ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1894 ከዙሪክ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ በሲቪል ምሕንድስና ሲመረቅ የብረት አርማታ ገና ጨቅላ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ኤንቢክ ምሰሶን፣ ቢምንና ሶሌታን አንድ አካል አድርጎ የሚያቆመውን ዘዴ በስሙ ያስመዘገበው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1892 ነው።

የአርማታ ምስጢር የጋብቻ ምስጢር ይመስለኛል። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ግንበኞቻችን «ፌሮ» የሚሉት ብረት ደግሞ ስበቱን ይሸከምለታል። ሁለቱ በሙቀት ሲለጠጡና በብርድ ሲኮማተሩ ልካቸው ተቀራራቢ ነውና አንዱ ሌላውን ጥሎ አይሄድም። ይሁንና የዘመኑ መሐንዲሶች አዲሱን ነገር በአሮጌ ልማድ ነበር የሚያስቡት፤ አንዳንዱ እንደ እንጨት፣ ሌላው እንደ ድንጋይ።

ማያር በ1901 ዙኦዝ በተባለች የተራራ መንደር፣ በኢን ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። ቅስቱን፣ የጎን ግድግዳዎቹንና የመተላለፊያውን ወለል እንደ ሣጥን አንድ አድርጎ ያዋሐደ፣ ለጊዜው እጅግ ደፋር ሥራ ነበር። በ1903 ግን መጥፎ ወሬ መጣ፦ ድልድዩ ተሰንጥቋል። ማያር ያን ጊዜ የ31 ዓመት ሰው ነው፤ የራሱን ድርጅት ካቋቋመ ገና አንድ ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ልቡ እንዴት እንደሚመታ መገመት አያዳግትም።

ሄዶ አየው። ስንጥቆቹ ያሉት በጎን ግድግዳዎቹ ላይ፣ ድልድዩ ከዳርቻው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነበር። ድልድዩን የሚያሰጋ ነገር አልነበረውም፤ ለስኖ ማለፍ ይቻል ነበር። ማያር ግን ስንጥቁን እንደ ጽሑፍ አነበበው። ይህ ግድግዳ ተሰንጥቆም ድልድዩ ከቆመ፣ ቀድሞውንስ ሥራው ምን ነበር? በ1905 በታቫናሳ፣ በራይን ወንዝ ላይ 51 ሜትር የሚሻገር ድልድይ ሲሠራ መልሱን ሰጠ። ስንጥቅ የታየበትን የግድግዳ ክፍል አላወፈረውም፤ አወጣው። በቦታው ረጅም ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት ተወ። ድልድዩ ቀለለ፤ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው መልክም ያዘ። ያ መልክ ከስንጥቅ የተወለደ ነው።

በሕንፃም ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1908 በሙከራ ካረጋገጠ በኋላ፣ በ1910 በዙሪክ ጊስሁብል በሚባለው ሠፈር ለተሠራ መጋዘን ቢም የሌለው ወለል አቆመ። በአሜሪካ ሲ. ኤ. ፒ. ተርነር በ1906 ቢም አልባ ወለል ሠርቶ ነበር፤ የማያር ግን የራሱ ነው። ምሰሶው ወደ ላይ ሲወጣ ቀስ እያለ እንደ እንጉዳይ ይከፈትና ከሶሌታው ጋር ይዋሐዳል። ምሰሶው የት አብቅቶ ጣሪያው የት እንደሚጀምር ዐይን ለይቶ አይናገርም።

ከዚያ በኋላ ሕይወት ራሷ ጫነችው። ሥራው ወደ ሩሲያ ግዛት ተስፋፍቶ ነበርና በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ከነቤተሰቡ ሪጋ ላይ ደረሰበት። ዛሬ በዩክሬን ወደምትገኘው ካርኪቭ ተሻግሮ ታላላቅ ፋብሪካዎችን ሠራ። በ1916 ሚስቱ በዚያው በባዕድ አገር ሞተችበት። አብዮቱ ደግሞ ሀብቱን ወሰደው። ሦስት ልጆቹን ይዞ፣ ዕዳ ተሸክሞ ወደ አገሩ ተመለሰና በጄኔቫ ከባዶ ጀመረ። በ1927 ከተራራ የወረደ የአፈርና የድንጋይ ናዳ የታቫናሳን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው።

እኔን ያስደነቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ማያር የጠፋበትን ድልድይ ሐሳብ አልጣለውም። በ1930 ሺርስ ከተባለች መንደር በላይ፣ በሳልጊናቶብል ገደል ላይ 90 ሜትር የሚሻገር ድልድይ በዚያው ሐሳብ አቆመ። ለግንባታው የተዘረጋው የእንጨት ርብራብ የሚሸከመው ስሱን የታችኛውን ቅስት ብቻ ነበር፤ ቅስቱ ሲጠነክር የቀረውን ክብደት ራሱ ተሸከመ። በ1939 ደግሞ ለዙሪክ ኤግዚቢሽን የሲሚንቶ አዳራሽ ሠራ፤ የቅርፊቱ ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ከመካከለኛ ጣቴ ያነሰ። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ አዳራሹ በክብደት ተፈትኖ ፈረሰ። ማያር ሚያዝያ 5 ቀን 1940 ዐረፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኔ ያደግኩት ያቺን ክፍል ትቼ ነው። ሥራ ስይዝ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ቤት ተከራየሁ። አባቴ አልከለከለኝም፤ አልመረቀኝምም። ጳጉሜን ሲመጣ እሄድና ሲሚንቶ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ይለስናል፤ ስለ ስንጥቁም ስለ እኔም ሳንነጋገር ይመሻል። አንድ ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ አንድ የሠፈራችንን አናጺና ግንበኛ ጠራን። ሰውየው ማዕዘኑን በመዳፉ ዳበሰና፦

«ጋሼ፣ እነዚህ ግድግዳዎች የአንድ ቀን ልጆች አይደሉም» አለ። «የጭቃው ቤት መሬቱን ረግጦ ጨርሷል። የብሎኬቱ ሲሠራ መሬቱ ገና ነበር፤ አሁንም በየክረምቱ ይንቀሳቀሳል። በልስን አያስተሳስሯቸው። ክፍተቱን ይተዉላቸው፤ ላዩን በጣውላ እንሸፍነዋለን።»

«ቤቴን ለሁለት ልትከፍለው ነው?» አለ አባቴ።

«የለም ጋሼ፤ ሁለቱም እንዲቆሙ ነው።»

አባቴ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የበጠበጥኩትን ሲሚንቶ አይቶ፣ «ድፋው» አለኝ። ያን ጊዜ የማያርን ስም አልሰማሁም ነበር። ሰውየው አሮጌውን ልስን እየፈነቀለ፣ ማዕዘኑን ከላይ እስከ ታች ሲከፍተው ቁጭ ብለን አየን። የግቢው ብርሃን በቀጭኑ ገባ።

ማታ ስወጣ አባቴ እስከ በር ሸኘኝ። እጁን ከጋቢው ሥር ሳያወጣ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ፦

«የተከራየኸው ቤት… ደኅና ነው? አያፈስም?»