የእንቁላሉ ገንዘብ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደጃችሁ ድረስ በነፃ የመጣላችሁን ነገር ትታችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ፣ በውርጭ ዳገቱን ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ያንኑ ነገር በገንዘብ የምትገዙት ምን ብትሆኑ ነው? ቂል ብትሆኑ? እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ነው። የእናቴን ተዝካር ለማውጣት ከአዲስ አበባ ወደ ተወለድኩበት አገር ሄጄ ነበር። መንዝንና ግሼን ለምታውቁ ሰዎች የጥርን ብርድ ልነግራችሁ አይገባኝም። ለማታውቁት ግን፣ ከጣርማ በር ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትገቡ የሚቀበላችሁ ነፋስ በጋቢ ላይ ጋቢ ቢደርቡበት እንኳ የማይመለስ ነው። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባና የሚሠራው ወዶ አይደለም።

እናቴ አሥራ አንድ ወልዳ አምስቱን ቀብራለች። ከተረፍነው ከስድስታችን መካከል አባታችን መሬት ላይ የቀረው የመጨረሻው ወንድሜ ብቻ ነው። ተዝካሩም የወጣው በእሱ ቤት ነበር። እንግዳው ተበትኖ፣ የተዋስነው ጋንና ምጣድ ለየባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ የወንድሜ ሚስት አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣

«እትዬ፣ ነገ ገበያ አብረውኝ አይወርዱም?» አለችኝ።

«ምን ልትገዢ?»

«እንቁላል ልሸጥ።»

ገረመኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስትጋግርና ስትጠምቅ የሰነበተች ሴት፣ ወገቧ ሳይቀና፣ ጥቂት እንቁላል ለመሸጥ ያን ሁሉ መንገድ! ቢሆንም እሺ አልኳት። ተዝካር ላይ ያገለገለችን ሴት እምቢ ማለት ነውር ነው።

በማግሥቱ ሌሊት ተነሳን። እንቁላሎቹን በገለባ መካከል ደርድራ በቅርጫት ይዛለች፤ አሥራ ሁለት ናቸው። የቀበሌውን ጤና ኬላ አጠገብ ስናልፍ ገና አልነጋም፤ ሰውም አልነበረም። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች። ነገሩን ያወጣችልኝ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ስንቆም ነው።

«ለመርፌው ነው፣ እትዬ።»

«የምን መርፌ? ታመሻል እንዴ?»

«የሦስት ወሩን።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት ልጆች ወልዳለች። የመጨረሻውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ፣ የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት መንገድ አድርሰዋታል። ሐኪሞቹ ሲያሰናብቷት ሌላ እርግዝና እንደሚያሰጋት ተናግረው ነበር። ወንድሜም በጆሮው ሰምቷል። ግን ፍርሃት ከሰው ጋር ብዙ አይቆይም። ዓመት እንዳለፈው፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ማለት ጀመረ።

«ታዲያ ጤና ኬላው አጠገብሽ አይደለም? ነፃም ነው» አልኳት።

«ነፃስ ነፃ ነው። ጤናዋ ግን የእሳቸው የአጎት ልጅ ናት።»

«ትናገራለች ብለሽ ነው?»

«ኧረ እሷስ ጨዋ ናት፤ አትናገርም። ግን ደጁ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሰው አለ። ስገባ የሚያየኝ፣ ስወጣ የሚያየኝ አለ። ‹ሕፃኑን ልታስከትቢ ነው?› ይለኛል። ሕፃኑን አልያዝኩ!»

«እንግዲያው ክንድ ላይ የሚቀበረው አይሻልሽም? ሦስት ዓመት ያቆያል ይባላል።»

«እሱማ በእጅ ሲዳስሱት ይገኛል» አለችና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የገበያው ከተማ ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብሎ ነበር። መጀመሪያ እንቁላሉን ሸጥን። ከዚያ ከገበያው ጀርባ ወዳለች ሁለት ክፍል ወዳላት የቆርቆሮ ቤት ወሰደችኝ። የክሊኒኳን ስም አልጠራም፤ መጥራቱ እዚያ ለሚመላለሱት ሴቶች አይበጃቸውም። ደጃፏ ላይ ባለው አግዳሚ ሰባት ስምንት ሴቶች የገበያ ዕቃቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። አንዷ ጨው፣ አንዷ ጥጥ፣ አንዷ እግሯን የታሰረች ዶሮ ይዛለች። እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አንዷ ጥርሷን ታማ ነው፤ ሌላዋ ራሷን፤ እኔም እንዳላፍር ጉልበቴን አልኩ። በዚያ አግዳሚ ላይ ጤነኛ ማሕፀን እንጂ ጤነኛ ጉልበት ያላት ሴት አልነበረችም!

«ቁጥር ሰባት!» አለ ድምፅ ከውስጥ። ስም አልተጠራም። የወንድሜ ሚስት እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ አብረን ገባን።

ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መዝጋት ነው። ከዚያ የደም ግፊቷን ለካች። የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ፣ ደም በዝቶባት እንደሆነ፣ ራሷን ያማት እንደሆነ ጠየቀቻት። ቀጥላም፣

«ባለቤትሽ ያውቃል?» አለቻት።

የወንድሜ ሚስት ፊቷ ዐመድ መሰለ። ነርሷ ግን ቶሎ ብላ፣ «ልከለክልሽ አይደለም። ካርዱን ይዘሽ ትሄጂ እንደሆነ፣ ወይስ እዚህ ይቀመጥልሽ እንደሆነ ለማወቅ ነው» አለቻት።

«እዚህ ይቀመጥልኝ።»

«ደግ። እንግዲህ ቀኑን በወረቀት አልጽፍልሽም። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ባለው ገበያ ትመጫለሽ።»

ይኸው ነው። ከአምስት ደቂቃ ብዙ አልፈጀም። ስንወጣ የአሥራ ሁለቱ እንቁላል ገንዘብ ከጨው መግዣ በቀር አልቋል።

እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። በ1984 ዓ.ም. እኔም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለች በአነስተኛ ዋጋ የምታክም ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ኮሪደሩ ከአፍ እስከ ገደቡ ሞልቷል። የመጣሁበትን ጉዳይ በመስኮቱ ቀዳዳ አንገቴን አስግጌ በሹክሹክታ ነገርኩና ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ መዝጋቢው ብቅ አለና፣

«ያቺ ወሊድ መከላከያ የፈለገችው፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቧ! የት ሄደች?» ሲል ጮኸ።

አንገት ሁሉ ዞረ። ከዞሩት መካከል የእድሬ ሴት ነበረች። ሰማያዊ ሹራብ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተነሳሁ፤ ነገር ግን ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ ውጭው በር ነበር የሄድኩት። ያስከፈሉኝ የካርድ ገንዘብ እዚያው ቀረ። በዓመቱ ሦስተኛ ልጄን ወለድኩ።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ልጄ ታነበዋለችና። ዛሬ የቤቴ ምሰሶ እሷ ናት። መወለዷ አንድም ቀን ጸጽቶኝ አያውቅም። ነገር ግን እሷ ስትመጣ የማታ ትምህርቴን አቋረጥኩ፤ ሥራዬንም ለቀቅኩ፤ ወደ ሁለቱም አልተመለስኩም። አንዲት እናት ሁለቱን እውነት በአንድ ልብ ውስጥ ይዛ መኖር ትችላለች። እኔ ይዤ ኖሬአለሁ።

በአገራችን ይህ አገልግሎት ረጅም መንገድ ተጉዟል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነው። ማሪ ስቶፕስ ደግሞ በ1990 ሥራ ጀመረ። ብዙ የከተማ ሴቶች በትንሽ ገንዘብ የተረዱት በእነዚህና በመሰሎቻቸው ክሊኒኮች ነው። መንግሥት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣው በ1985 ዓ.ም. ሲሆን፣ ነገሩ ወደ ገጠር በስፋት የዘለቀው ግን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢያቸው እየተመለመሉ፣ አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ በላይ ደርሷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ካገቡ መቶ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 35 ደረሰ። በአማራ ክልል ደግሞ 47 ሆነ። ከተጠቃሚዎቹም የሚበዙት የመረጡት መርፌውን ነው። ለምን መርፌውን? እያንዳንዷ የየራሷ ምክንያት ይኖራታል። የአንዷን ግን እኔ ዳገት ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ መርፌ ከተወጋ በኋላ በቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር አይተውም።

እነዚያን ልጆች ማመስገን ይገባል። እነሱ ቀድመው ቢኖሩ እናቴ አምስት ባልቀበረች ይሆናል። የፕሮግራሙ ብርታት የቀበሌው ልጅ የቀበሌውን ሰው ማገልገሏ ነው፤ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ቤቱን ታውቃለች፣ የእገሌ ልጅ ተብላ ትታመናለች። የወንድሜ ሚስትን በሌሊት ያስነሳትም ይኸው ነገር ነው። የምታውቅሽ ሴት ታውቅሻለች። ቅርበት ለትኩሳትና ለክትባት መድኃኒት ነው፤ ከባል ለተሸሸገ ነገር ግን መድኃኒቱ ርቀት ነው። ሹሞቻችን አገልግሎት ሲያቅዱ ዋጋውንና መንገዱን ያሰላሉ፤ ሴቲቱ ግን ከሁሉ አስቀድማ የምታሰላው ማን እንደሚያያትና ማን እንደሚሰማት ነው። በዚያ ስሌት ነፃው ውድ፣ የእንቁላሉም ገንዘብ ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ቂሏስ እኔ ነበርኩ።

ማታ ቤት ስንገባ ወንድሜ እሳት ዳር ተቀምጦ ጠበቀን። ቅርጫቱን አየ፤ ጨዉን አየ።

«እትዬ፣ እንቁላሉ ጨው ብቻ አወጣ እንዴ?» አለኝ።

እሷ ምድጃው ላይ አቀረቀረች። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እናታችን መስክ ስትወርድ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ዋሽቼው አላውቅም ነበር።

«ጉልበቴን አሞኝ መድኃኒት ገዛሁበት። ነገ እከፍላለሁ» አልኩት።

«ለጉልበትዎ ከሆነ ደግ» አለና እንጨት ጨመረ።

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት አለፈ። በ2007 ዓ.ም. ወንድሜ ዓይኑን ለመታከም አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ቤት አረፈ። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ፣

«እትዬ፣ ያ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«የቱ ጉልበት?» ረስቼዋለሁ።

«ያ እንኳ፣ በእንቁላል ገንዘብ መድኃኒት የተገዛለት።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። «ታውቅ ነበር?»

«በግ ቆጥሮ ያደገ ሰው እንቁላል መቁጠር ያቅተዋል? በየሦስት ወሩ አሥራ ሁለት ይጠራቀማል፤ ጨው ይዞ ይመለሳል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ብዙ ቆየ። ስኒውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬቱን ያያል።

«ብትጠይቀኝ እምቢ እላት ነበር» አለ። «ሰው ምን ይለኛል? አባቴ አሥራ አንድ ነው የወለደ። ግን ያን ቃሬዛ ከፊት የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ባትጠይቀኝ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው አሁን ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

ምን ብሎ እንደሚነግራት እኔም አላወቅኩም። ሁለተኛ አላነሳነውም። ዓይኑን ታክሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስድስተኛ ልጅ አልወለዱም፤ አምስቱ አድገውላቸዋል። እሷ በዓመት አራት ጊዜ፣ እሱ የሚያውቀውን ነገር ከእሱ ለመደበቅ ያን ዳገት ስትወጣ ኖረች። እሱም በዓመት አራት ጊዜ ጨዉን እያየ እንጨት ይጨምራል።

አንዳንዴ ሳስበው ያሳዝነኛል፤ አንዳንዴም ያስቀኛል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቀን ይመጣ እንደሆነ እንጃ። ነገር ግን ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር እስኪነጋገር ድረስ ማሕፀን አይጠብቅም። እስከዚያው ድረስ በሩን የሚዘጋ፣ ስም የማይጠራ፣ ካርዱን የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ከውጭ አገር የሚመጣ መሣሪያም አይጠይቅም። የገበያዋ ነርስ ያስፈለጋት የቆርቆሮ በርና ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር። እኔም በ1984 ዓ.ም. የጎደለኝ ይኸው ነበር።