ፌስታሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ

«በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ስለ ፌስታል ምን አስወራህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነትም መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት በሚውልበት፣ ገበሬው ማዳበሪያ ፍለጋ በሚንከራተትበት ጊዜ የፌስታል ነገር የጥጋበኛ ወሬ ይመስላል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንዲት ላም ነው።

ያደግሁት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። እናቴ ገበያ ስትወጣ ባዶ እጇን ወጥታ አታውቅም። ሽምብራው በስልቻ፣ ዕንቁላሉ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት፣ ቅቤው በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ብሩ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ። ስትመለስም በዚያው ዕቃ ነው። ዘንቢሏማ እጀታው ሁለት ጊዜ ተቀይሮ፣ ቂጡ በቆዳ ተለጥፎ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ነበር።

ጆንያም ቢሆን በእኛ አገር የሚጣል ነገር አልነበረም። በሴፍቲኔት ስንዴ የመጣ ጆንያ መጀመሪያ እህል ይያዝበታል፤ ሲያረጅ የዝናብ መከላከያ ይሆናል፤ ሲቀደድ ከአህያ ጭነት ሥር ይደላደላል፤ መጨረሻ ላይ የግድግዳ ቀዳዳ ይደፈንበታል። የሰሜን አሜሪካ ገበሬ ስንዴውን የሞላበት ጆንያ ጋይንት ላይ እንዲህ ጡረታ እንደሚወጣ ቢያውቅ ምን ይል ይሆን?

ደብረ ታቦር ትምህርት ላይ ሳለሁ ለእረፍት መጥቼ እናቴን ገበያ ሸኘኋት። ዘንቢሉን እኔ ልያዝልሽ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የክፍል ጓደኞቼ ቢያዩኝስ ብዬ አፈርኩ። «እማዬ፣ ይሄን ነገር ተይው፤ ባለሱቁ ፌስታል ይሰጥሻል» አልኳት።

«በነጻ?»

«አዎ፣ በነጻ።»

ትንሽ ዝም አለችና «በነጻ የሚሰጥ ዕቃ ደግሞ ምን ዕቃ ነው?» አለች። ቢሆንም የተማረ ልጇ የተናገረው ነውና ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ ዘንቢሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጥላሸት ሲጠጣ ኖረ። ጨው በፌስታል፣ ቡና በፌስታል፣ ስኳር በፌስታል ሆነ። ባዶው ፌስታል የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በገበያ ማግስት የገበያውን ሜዳ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል። ጥቁሩና ሰማያዊው አጥሩ ላይ፣ ቁልቋሉ ላይ ሲውለበለብ ይውላል።

ቡሬ የሞተችው በግንቦት ነው። ግንቦት እኛ ጋ መሬቱ የተላጨበት፣ ጭዱም የሚያልቅበት ወር ነው። ወተቷ ከነጠፈ ሰንብቷል፣ ትከሳለች፣ ሆዷ ግን ይነፋል። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ሣር አጣልቷት ነው አለ። የሚያውቁትን ሁሉ አጠጧት። ስትሞት ጎረቤታችን ቆዳዋን ሊገፉ መጡና ጨጓራዋን ሲከፍቱት የልጅ ጭንቅላት የሚያክል ድብልብል ነገር ወጣ። ፌስታል፣ ገመድ፣ እንደገና ፌስታል፤ እርስ በርሱ ተፈትሎ እንደ ጨርቅ ኳስ ጠጥሯል። ከመካከሉ ቋጠሮው እንኳ ያልተፈታ አንድ ፌስታል ነበር። እናቴ አየችውና «ይቺማ የኔ አቋጣጠር ናት» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ላም ፌስታል የምትበላው ጅል ሆና አይደለም። ጨው ወይም ምግብ የነካው ፌስታል ይሸታታል፣ ይጣፍጣል፤ ሣር በሌለበት ወር ደግሞ የተገኘው ሁሉ ይበላል። ከገባ በኋላ አይፈጭም፣ አብዛኛው አይወጣም፤ እየተከማቸ የመኖውን ቦታ ይወስዳል። ሆዷ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች ማለት ነው። ለእኛ ቤት ቡሬ ወተት ብቻ አልነበረችም። የመስቀሉ ቅቤ፣ የምድጃው ኩበት፣ ነገ በሬ የሚሆነው ወይፈን ከእሷ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። አገራችን ስስ ፌስታልን የከለከለችው ዛሬ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። ቡሬ የሞተችው ከአዋጁ ዓመታት በኋላ ነው፤ አዋጁ አርብ ገበያ አልደረሰማ! በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ጠንከር ያለውን አዋጅ ቁጥር 1383 አጸደቀ። ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ከልክለዋል፤ የኬንያው እስከ አራት ዓመት እስር ያደርሳል። ሕጉን አልቃወምም። እንዲያውም ዘገየ ባይ ነኝ።

የሚያሳስበኝ ቅጣቱ ቀድሞ የሚያገኘው ማንን እንደሆነ ነው። አዋጁ አምራቹንም አስመጪውንም በከባድ ገንዘብ ይቀጣል፤ ሆኖም አምራቹ አጥር አለው፣ ጠበቃ አለው። ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴት ግን ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ነው የምትገኘው። አንዷን ለምን ፌስታል እንደምትሰጥ ጠይቄያት «እኔ ካልሰጠኋት ደንበኛዬ ወደ ጎኔ ትሄዳለቻ! በነጻ ይመስልሃል? ከትርፌ ነው የምገዛው» አለችኝ። ለካ «በነጻ» ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ውሸት ኖሯል። ደንበኛዋ ዕቃ ይዛ ብትመጣ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ይቺው ነጋዴ ናት።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ፋሽን መጥቷል። ሱፐርማርኬቱ ጨርቅ የሚመስል ቦርሳ ይሸጥልሃል፤ አብዛኛው እሱም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሃምሳ ጊዜ ከተገበየበት ጥሩ። የእኔ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተያዙ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ።

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ ዘንቢሉን ከግድግዳው አወረድኩት። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችውና ገበያ ወጣን፤ ያዡ እኔ ነኝ። ባለሱቁ ከልማዱ እጁን ወደ ፌስታሉ ሲሰድ «ተወው፣ ልጄ ዕቃ ይዟል» አለችው። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ አይቶኝ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጨው ላይ ስንደርስ ግን ተቸገርን፤ ጨው በዘንቢል ይፈሳል። የዚያን ቀን በፌስታል ይዘን ገባን። ማታ እናቴ ኩራዙን አስጠግታ፣ የድሮውን የትምህርት ቤት ሱሪዬን አንድ እግር ቆርጣ፣ ከረጢት ስትሰፋ አመሸች።