የባል እድር፣ የሚስት ስምንተኛ ወር

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ ሐበሻ አባወራ ቅዳሜና እሁዱ የራሱ አይደለም። ጠዋት ክርስትና፣ ከሰዓት ለቅሶ፣ ማታ ሰርግ አለበት። በመሃል ማኅበር አለ፣ ኳስ አለ፣ ከአገር ቤት የሚገባ እንግዳ ደግሞ ኤርፖርት የሚቀበለው ይፈልጋል። ሚስት ነፍሰ ጡር ስትሆን ይህ ሁሉ የጠብ ምክንያት ይሆናል። እኛ ሴቶቹ ስንገናኝ ስሞታችን አንድ ነው፤ «ለሰው ደራሽ፣ ለቤቱ እንግዳ!» የወንዶቹም መልስ አንድ ነው፤ «ታዲያ ነግ በእኔ አይደለም ወይ?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ነገሩ እንዴት ይሄድ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። አዲስ አበባ ባል ቀብር ውሎ ሲመጣ ቤቱን ባዶ አያገኘውም ነበር። ጎረቤት ለቡና ስትጣራ ውላለች፤ እናት ቀኑ ሳይደርስ ከክፍለ ሀገር ገብታ የገንፎውን እህል አስለቅማ፣ ቅቤውን አንጥራለች። ነፍሰ ጡሯ ወጥ ከሸተታት ሳትቀምስ አትቀርም፤ ያማራትን የነፈገ ጎረቤት ሲታማ ይኖራል። ምጥ ሲመጣ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይከቧታል፤ ባልን በዚያ ሰዓት የሚፈልገው የለም። እሱ ለእድር ያፈሰሰው ጉልበት በሌላ በር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትናንት ለቅሶ የደረሰለት ሰው ሚስት ናት ዛሬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ አጥሚት ይዛ የምትገባው። ሕጉም ቢሆን ይህን ታሳቢ ያደረገ ይመስላል፦ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ የአባት ድርሻ 3 ቀን ነው።

አሜሪካ ስንመጣ የወንዱ ወገን ከነሙሉ ክብሩ ተሻገረ፤ እድሩም፣ ማኅበሩም፣ ጥሪውም አለ። የሴቶቹ ወገን ግን እዚያው ቀረ። እናት ቪዛ ትጠብቃለች፤ ጎረቤት ሁለት ሥራ ትሠራለች። የአገር ቤቱ ምጥ የማይፈልገውን ባል እዚህ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይፈልጉታል። የእርግዝና ክትትል ቀጠሮው በተለምዶ እስከ 28ኛው ሳምንት በወር አንዴ፣ እስከ 36ኛው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እጇን የሚይዛትም እሱ ነው። በፈረንጅ 1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአባትም እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ደመወዝ የለውም፣ ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን የግል ድርጅትም አይነካም። ኡበር የሚነዳ አባወራማ ከነጭራሹ አይመለከተውም። ስለዚህ የቀረችው ቅዳሜና እሁድ ናት፤ እሷንም እድሩ ቀድሞ ይዟታል።

አንዲት የማውቃት ልጅ ድርስ እርጉዝ ሆና ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የገበያ ከረጢቷን በየእርከኑ እያሳረፈች ትወጣ ነበር። በዚያው ሰዓት ባሏ ለቅሶ ቤት ወንበር ይዘረጋል፣ የውሃ ካርቶን ከመኪና ያወርዳል። እዚያ ያሉት እናቶች «ልጃችን እንዴት ናት?» ሲሉት «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላቸው። ሰው አላስቸግርም ብሎ ነው። እነዚያ ሴቶች ብቻዋን መሆኗን ቢሰሙ ግማሾቹ በማግስቱ በሯ ላይ ነበሩ። አገር ቤት ሳይነገር ይታወቅ ነበር፤ በአጥር የሚሰማው ሁሉ ይሰማል። እዚህ ግን ካልተናገሩ የሚያውቅ የለም።

እኔ ሳረግዝ በእኛ ቤት የተስማማንበት ይህ ነው። ለቅሶ አይቀርም፤ ግን ወይ ቀብሩ ወይ ሠልስቱ፣ ሁለቱም አይሆኑም። የሰርግ ስጦታ ይላካል። የሐኪም ቀጠሮ ካለ ማኅበሩ ይዘለላል። ከፈረንጅ 1984 ጀምሮ በየከተማው እየዞረ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ኳስ ውድድር፣ ያን ዓመት በስልክ ታየ። ከሁሉ የጠቀመን ግን ባለቤቴ ለእድሩ ሰብሳቢ ደውሎ «ጋሼ፣ ባለቤቴ ቀኗ ደርሷል፤ እኔም ተራዬን አልችልም፣ እናንተም እዩን» ማለቱ ነው። ሰብሳቢው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም «እስካሁን ምን አፍህን ያዘው?» ብለው ተቆጡት። በዚያው ሳምንት ፍሪጃችን ሞላ።

አገር ቤት በብዙ እድር አራስ ከሥራ ተራ ነፃ ናት። እዚህ የባሏም ስም ይጨመርበት። ስምንተኛው ወር ከገባ ጀምሮ አባሉ ከተራ ይውጣ፣ በእሱ ፈንታ ተረኛ ወደ ቤቱ ይላክ። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት ይህን ያህል ዶላር የሚያዋጣ እድር፣ ለሚወለደው ሰው አንድ ድስት ወጥና አንድ ቅዳሜ አያጣም።